ሆዴን ነው ያለችው ሴት

እኛ የልብስ እጥበት ቤት ሴቶች የሰው ገመና እናውቃለን። የማን አንሶላ ምን እንደነካው፣ የማን ሸሚዝ አንገትጌ ላይ ምን እንደቀረ አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ሲሄድ ምንም እንዳልነበረ ነው። የራሳችንን ገመና ግን ማን ይጠብልን? ይኼን የምላችሁ ስለ አንዲት ጓደኛዬ ላወጋችሁ ብዬ ነው። እሷው ናት አውጊው ያለችኝ። «ስሜን ብቻ ተይው» ስላለችኝ በሥራ ቤት ስሟ እጠራታለሁ፤ ክሬን።

ክሬን ያልናት ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ብቻዋን ከገንዳ ስለምታወጣ ነው። እኛ ለሁለት ይዘን «ያዢ! ልቀቂ! ኧረ እግሬን!» እየተባባልን የምናነሳውን እሷ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ብድግ ታደርገው ነበር። እኔ ተኳሽ ነኝ። ካውያዬ የሚቆምበት ክፍል ከገንዳው ፊት ለፊት ስለሆነ ሰውነቷ ምን እንደሚል ቀኑን ሙሉ አያለሁ። አያለሁ ስል ግን፣ ልጆቼ፣ ማየትና ማወቅ ይለያያል።

ለምሳሌ ክሬን አትቀመጥም። ምሳ ስንበላ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትበላው። «ቁጭ በይ እንጂ፣ ወንበር ይናከሳል እንዴ?» ስላት «ከተቀመጥኩ መነሳት ይከብደኛል» ትላለች። በረኪና የሚበጠበጥበትን ጥግ ማንም አይወደውም፤ ዓይን ያቃጥላል። እሷ ግን ለምና ነው የያዘችው። ኋላ እንደነገረችኝ እዚያ ጥግ ላይ ብቻ ነበር «እሸታለሁ» ብላ የማትሳቀቀው።

ነገሩ የጀመራት ከመጨረሻው ወሊዷ በኋላ ነው። አራት ወልዳለች፤ የመጨረሻው ምጥ ክፉኛ ረዝሞባት ነበር። ባሏ ያኔ ታሞ ስለነበር ገላዋ ሳይጠና ወደ ገንዳው ተመለሰች። መጀመሪያ ከታች የሆነ ነገር የተቀመጠባት መሰላት። ከዚያ ሲመሽ ሲመሽ በጣቷ የምትነካው ሆነ፤ እንቁላል የመሰለ፣ ለስላሳ። ስትተኛ ይገባል፤ ስትቆም፣ ስታነሳ ይወጣል። ሽንቷም እንደ ፈቃዷ አልሆን አለ፤ ስታስል ያመልጣታል፣ ስትፈልገው ደግሞ አልወርድ ይላታል። ከአሮጌ አንሶላ ጨርቅ ቀድዳ እንደ ሕፃን ትታሰር ጀመር። ባሏ ሞተ፤ እሷ ታስራ ቀረች። ዓመታት፣ ልጆቼ። ለእናቷ አልተናገረች፣ ለእህቷ አልተናገረች።

የልጇ ነገር ባይመጣ እስከ መቃብር ትሸከመው ነበር።

የመጀመሪያ ልጇ አንድ ጎሚስታ አገባች። ክሬን ልጇ ተምራ ቢሮ እንድትገባላት ነበር ምኞቷ፤ ተናዳ «ጎማ ለሚነፋ ሰው ነው እንዴ ያሳደግኩሽ?» ብላ አንድ ቀን አመለጣት። በኋላ ተጸጽታ ይቅርታ ጠይቃለች፣ ሠርጉም ላይ ተገኝታለች። ግን ፎቶ ልንነሳ ስንል ከመሃል ተነሥታ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ሳትሰናበት። ሙሽራዋ በዓይኗ ስትከተላት አይቻታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ቀዝቅዛለች። ቢሆንም መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷን ይዛ እጥበት ቤት ድረስ መጣች። በእንፋሎቱ መሃል ቆማ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፦

«እማ፣ ደርሻለሁ። መጥተሽ ከእኔ ጋር ትሰነብቻለሽ አይደል? ብቻዬን እፈራለሁ።»

ክሬን እጇን በሽርጧ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። የሰው ቤት ማደር፣ የሰው አልጋ ላይ መተኛት፣ አማቿ ባለበት ቤት ጨርቅ አጥቦ ማስጣት፤ ይኼ ሁሉ ታይቷት ነበር። እኔ ግን ያኔ ምን አውቄ!

«ልጄ… ሆዴ እምቢ አለኝ» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ሆዴ ነዋ። እምቢ አለኝ።»

ልጅቱ ፊቷ ደም መሰለ። «እስካሁን? እስካሁን በሆድሽ ይዘሽዋል እማ? ጎሚስታ ስላገባሁ ልጄንም አታዪልኝም?»

«ኧረ እሱን አይደለም…»

«እሺ ምንድን ነው?»

ልጅ ጠበቀች፤ እውነቴን ነው፣ ጠበቀች። ከዚያ ዞራ ሄደች።

እኔም የቀለድኩ መስሎኝ «ሆድሽ ደግሞ እሺና እምቢ የሚለው ዳኛ ነው እንዴ?» አልኳት። ክሬን አልሳቀችም። በረኪናዋን ትበጠብጥ ጀመር።

አያችሁ፣ የእኛ ሰው ሁሉን ነገር ሆድ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ምሳውም ሆድ ነው፣ ጽንሱም ሆድ ነው፣ ቂሙም ሆድ ነው፣ ምስጢሩም ሆድ ነው። ለአፍ የሚከብድ ሲመጣ «ሆዴን ነው» ብሎ መገላገል ነው። ክሬንም ከልጇ የተጣላችው በዚህች ቃል ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ያሳሳታት ይህችው ቃል ናት።

አዎ፣ ሐኪም ዘንድስ ሄዳለች። ልጇ ከሄደች በኋላ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ልጅቱ ሳትወልድ ልዳን ብላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የልጇ እኩያ። በሩ አይዘጋም፣ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚ ላይ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። እንደነገረችኝ እንዲህ ነበር፦

«እማማ፣ ምንዎን ነው?»

«ሆዴን ነው።»

«ያቃጥልዎታል?»

«አይ… ይወርዳል።»

«ይወርዳል?»

«አዎ። ይወርድብኛል።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ኧረ ልጄ፣ ከወረደማ ቀኑን ሙሉ ነው!»

ልጁ ደነገጠ። «ቀኑን ሙሉ! ማታስ?»

«ስተኛ ይተወኛል።»

«ደህና፤ ማታ ፋታ ይሰጥዎታል ማለት ነው» አለና ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን፣ በውሃ የሚበጠበጥም ዱቄት ጻፈላት። እጅዎን ይታጠቡ ብሎም መከራት። ቀኑን ሙሉ እጇ በሳሙና ውስጥ ለሚውል ሴት! ልጁ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው ያከመው። እሷም አውቃለች፤ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ፤ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

የባሰው ነገር፣ ኪኒኑን ዋጠችው። «የሐኪም መድኃኒት ነው፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» ብላ። ተቅማጥ የሌለበትን ሰው የተቅማጥ መድኃኒት ምን ያደርገዋል? ሆድ ድርቀት ያዛት። መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታምጥ፣ ስታምጥ፣ ያ እንቁላል የሚያህለው ነገር ጭራሽ እያበጠ፣ እየወረደ መጣ።

አንድ ቀን ከሆቴል የመጣ የብርድ ልብስ ክምር ነበር። ክሬን እንደ ልማዷ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ አንዱን ብድግ አደረገችው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ብርድ ልብሱ ከእጇ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ጧ! አለ። ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም፤ ጎንበስ አለችና አጠገቧ የነበረውን የማለቅለቂያ ባልዲ አንስታ ቀሚሷ ላይ ደፋችው። ከወገቧ በታች ርጥብ ሆነች።

«አዳለጠኝ!» ብላ ሳቀች።

«ክሬን ተሰበረ! መካኒክ ጥሩ!» አሉ ሴቶቹ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን ጉልበቶቿን አየሁ። ተጣብቀው ነበር። ሰው ሲያዳልጠው እግሩ ይከፈታል እንጂ እንደዚያ አይጣበቅም። ካውያዬን ነቅዬ፣ እጇን ይዤ ወደ እኔ ክፍል አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት።

«ምንሽን ነው?»

«ሆዴን ነው።»

«ሆድ ትልቅ ጆንያ ነው፤ ያልገባበት የለም። የቱ ነው?»

ዞራ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ካልተተኮሰው ክምር አንድ አንሶላ መዘዘችና ከራሷ እስከ ደረቷ ተከናነበች። ከአንሶላው ሥር ነው የሰማኋት፤ ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ነበር።

«ልጆቼ የወጡበት ቤት… ራሱ ተከትሏቸው ወጣ።»

እኔ ምን ልበላችሁ? ስለዚያ ነገር የማውቀው የለም። አንሶላውን ልገልጠው እጄን ሰነዘርኩ፤ ያዘችው። ተውኩት። ከነአንሶላዋ አቀፍኳት።

«ባል የለኝም» አለች ከውስጥ። «ባል የሌላት ሴት እዚያ ቦታዋን ታመመች ሲባል ምን እንደሚባል አታውቂም? ልጄስ ምን ትላለች? ልጄን እንዲህ ሆኜ እንዴት ልቀፋት? የልጅ ልጄን እንዴት ልቀፍ፣ እየሸተትኩ?»

«አትሸቺም።»

«በረኪናው ነው።»

አንጀቴን በላችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል። ነገ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። «አንቺ ማፈሩን ትችይበታለሽ፤ መናገሩን እኔ አግዝሻለሁ።»

ሆስፒታሉ ውስጥ የሴቶች ክፍል አለ፤ በሩ የሚዘጋ። አዋላጇ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናት። ከምንም በፊት ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«እሺ እህቴ፣ ምንሽን ነው?»

«ሆዴን…» አለችና ክሬን እኔን አየችኝ። አግዝሻለሁ ብያለሁ አይደል፣ አፌን ልከፍት ስል አዋላጇ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ሆድሽን ነው ወይስ ማህፀንሽን?»

ልክ እጅሽን ነው ወይስ እግርሽን እንደሚባል አድርጋ ጠየቀቻት። ክሬን ጣራውን አየች። ወለሉን አየች። እኔም አብሬያት ላብ በላብ ሆንኩ።

«ማህፀኔን» አለች።

ምንም አልሆነም። ጣራው አልወረደም። አዋላጇ «መቼ ነው የሚብስሽ?» ብላ ቀጠለች።

መጋረጃ ስባ መረመረቻት፤ እንደሚያስል ሰው፣ እንደሚያምጥ ሰው አድርጊ እያለች። ክሬን ፊቷን በክንዷ ሸፍና ነበር። ከተነሣች በኋላ አዋላጇ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳቻት፤ እኔም አብሬ ተማርኩ።

«ማህፀን ዝም ብሎ አልተንጠለጠለም። ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ አለ፣ ከጎን የሚይዘው ጅማት አለ። ምጥ ሲበዛ፣ ሲረዝም ይለጠጣል። ሳያገግም ከባድ ነገር ከተነሣበት፣ ዕድሜ ሲጨመርበት፣ ሳልና ድርቀት ሲገፋው ይላላል። ያኔ ማህፀኑ ይወርዳል። ስንቷን ሴት አይቻለሁ መሰለሽ። መንገድ ላይ አልፈሻቸዋል፤ እንዳንቺው ዝም ብለው ነው።»

«እርግማን አይደለም?»

«አይደለም። የልፋት ነው።»

«ከባል ማጣት አይደለም? ከ… ከሌላ ነገር?»

«ከማንም አልያዘሽም፣ ለማንም አታስተላልፊም።»

ክሬን ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ኪኒኑን ስታሳያት አዋላጇ ግንባሯን ያዘች። «ይኼንማ ተይው። ማማጥ ነው የጎዳሽ። ውሃ ጠጪ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ፣ ከባድ አታንሺ።» ከዚያ እንቅስቃሴ አሳየቻት፤ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከውስጥ ጨምቆ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ደግሞ መያዝ። «ሽንት ቤት ሆነሽ አይደለም፤ ልብስ ስታጥፊ፣ አውቶቡስ ስትጠብቂ፣ ማንም ሳያውቅብሽ። ይኼ የወረደውን መልሶ አይሰቅለውም፤ የቀረውን ግን ያጠነክራል። ለወረደው ደግሞ ቀለበት አደርግልሻለሁ።»

«ቀለበት?» ክሬን እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። «በዚህ ዕድሜዬ?»

አዋላጇ ከት ብላ ሳቀች። «የጣት አይደለም!» ብላ አሳየችን፤ ለስላሳ የጎማ ቀለበት፣ ታጥፎ ገብቶ ውስጥ የሚዘረጋ፣ ማህፀኑን ከሥር የሚይዝ። ልኩን መርጣ አስገባችላት፤ አስነሣቻት፣ አስሄደቻት፣ አስሳለቻት። በየጊዜው ወጥቶ መታጠብና መታየት እንዳለበት፣ ከደማች ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ካመማት፣ ሽንቷም እምቢ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ ነገረቻት። ቀለበቱ ካልተስማማት ቀዶ ጥገና እንዳለም ነገረቻት። «ምርጫው ያንቺ ነው» አለች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ ወንበር ነበር። ክሬን አየችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ተቀመጥኩ» አለችኝ በጆሮዬ።

«አየሁ» አልኳት።

የቀረው ለልጇ መንገር ነው። እሱ ከምርመራውም ባሰ። «አንቺ ንገሪልኝ» ብትለኝ «ሻንጣሽን እሸከምልሻለሁ፤ አፍሽን ግን አልሸከምልሽም» አልኳት። ከባድ እንዳታነሣ ተብሏላ፤ ሻንጣውን ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ።

ልጅቱ በሩን ከፍታ አየችን። «ሆድሽ እሺ አለ?» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ።

ባሏ ከሥራ መመለሱ ነበር፤ ቱታው ግሪስ በግሪስ። «እናታችን፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ የእናትና የልጅ ነገር መሆኑን ሲያይ እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው።

ክሬን ሳትቀመጥ ጀመረች። «ልጄ፣ ሆዴ ያልኩሽ…» ዓይኗን ጨፈነች። «ማህፀኔ ነው። ወጥቶብኝ ነው። ዓመታት ሆነው። ሽንቴን አልቆጣጠርም ነበር። ቂም አይደለም።»

ልጅቱ ስታስብ ይታያል፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄደች።

«ሠርጌ ላይ…»

«ርጥብ ነበርኩ። ወንበሩን አርጥቤው ነበር። ከነነጭ ቀሚስሽ ልታቅፊኝ ስትመጪ አየሁሽና ወጣሁ።»

«እማ!» ጮኸችባት። «እኔ እኮ የናቅሽኝ መስሎኝ! ማታ ማታ እያለቀስኩ! ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ሴት አይደለሁም?»

«አፈርኩሽ።»

«እኔን?»

«ካንቺ የባሰ ማንን አፍራለሁ?»

ልጅቱ ያንን ትልቅ ሆዷን አስቀድማ መጥታ አቀፈቻት። ክሬን እጆቿን አንስታ ነበር፤ ለመግፋት ይሁን ለማቀፍ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ቀስ ብለው የልጇ ጀርባ ላይ አረፉ።

ቆይተው ስለ ቀለበቱ ነገረቻት፤ የጎማ ነው ብላ። ልጅቱ እንባዋ ሳይደርቅ «የጎማ ነገር ከሆነማ ባለሙያ እኮ ቤታችን አለ!» አለች። ክሬን «ዝም በይ፣ ይሰማሻል!» ብላ በሁለት እጇ አፏን አፈነቻት። ከጓሮ «ጠራችሁኝ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስታችንም በአንድ ድምፅ «አልጠራንህም!» አልን።

ልጅቱ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ። ክሬን እዚያው ሰነበተች። እጥበት ቤቱም አሁን ማጠፊያ ላይ አድርጓታል፤ ብርድ ልብሱን ለሁለት ነው የምናነሣው።

አንድ ቀን ከሰዓት አራሷን ልጠይቅ ሄድኩ። ባሏ ሕፃኗን ይዟል፤ እኔ እንደ ልማዴ የማይረባ ነገር እያወራሁ አሳቅኳቸው። ልጅቱ ሳቋን ድንገት አቋረጠች። ጉልበቶቿን ገጠመች። ክሬን የምታጥፈውን ጨርቅ አስቀመጠች።

ልጅቱ ባሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እማ፣ ስስቅ ሽንቴ ያመልጠኛል። ከወለድኩ ጀምሮ ነው። ባልዲ ሳነሣም ከታች ይከብደኛል።»

ክሬን አማቿን በጎን አየችው። ፊቷ ሲግል፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስትጎትት አየኋት። ከዚያ ተነሣች።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት። «አዋላጇ ዘንድ እንሄዳለን።»

«አሁን?»

«አሁን። አራስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነው፤ ግን ትይሽ።»

አማቿ ሕፃኗን እንዳቀፈ ብድግ አለ። «እኔስ ልምጣ?»

ክሬን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እፍረቱ አልለቀቃትም፤ የሚለቃትም አይመስለኝም።

«ና» አለችው፣ ቀና ሳትል። «ባልዲ የምታነሣው አንተ ነህና፣ አንተም ስማ።»